አሥራ አንድ ወር በተራራ ብስክሌት፦ የደከመው እግሬ አልነበረም

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የኋላ ፍሬኔ ነው። ስለ ማርሹ፣ ስለ ኮርቻው፣ ስለ ጎማው ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ፍሬኑ ግን ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ጉልበቴን ሲበላ ከርሟል፤ በራሴ ላይ የነበረኝን እምነትም አብሮ ሊወስድብኝ ነበር።

ሁለቱን ብስክሌቶች ከባለቤቴ ጋር የገዛናቸው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። የሁለታችን እቁብ ነው የወጣባቸው። ቁመታቸው ካልሆነ በቀር ልዩነት የላቸውም፤ 29 ኢንች ጎማ፣ የአሉሚኒየም አካል፣ ከፊት ሞላ ያለው ሹካ፣ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን። አንድ ዓይነት ይሁኑልን ያልነው እኛው ነን። አንድ ትርፍ ከመነዳሪና አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ ይዘን ከወጣን ማንኛችንም ብንቸገር ይበቃናል ብለን ነው። በዚህ ውሳኔ እስከ ዛሬ አልተቆጨሁም።

ሐዋሳ ብስክሌት የለመደች ሜዳማ ከተማ ናት። ከተማውን ለቅቆ ዳገት የሚወጣው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኛ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በአሞራ ገደል በኩል እናልፋለን፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ ዳር ቆመው ድርሻቸውን ሲጠብቁ። ከዚያ አንዳንዴ ወደ አላሙራ፣ አንዳንዴ በጥቁር ውሃ ወጥተን ወደ ወንዶ ገነት እንሄዳለን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ዳገት ላይ ጎን ለጎን እያወራን ነበር የምንወጣው። ትዳራችን ውስጥ እንደነዚያ ጠዋቶች የምወደው ጊዜ የለም።

የካቲት መጨረሻ ላይ የኋላ ፍሬኔ እጀታ ላላ። መሪውን ሊነካ እስኪደርስ ካልተጨበጠ አይዝም ነበር። ወደ ገዛንበት ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ አየር ገብቶበታል አለኝ፤ ትክክል ነበር። ከመደርደሪያ ላይ የመኪና ፍሬን ዘይት አነሣና መሙላት ጀመረ። ለብስክሌት ይሆናል ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጥያቄዬን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እህቴ፣ የፍሬን ዘይት ያው የፍሬን ዘይት ነው» አለኝ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። እጀታው እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ አመስግኜ፣ ከፍዬ ወጣሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከባለቤቴ ወደ ኋላ መቅረት ጀመርኩ። መጀመሪያ በትንሹ ነበር፤ ከዚያ በየኩርባው። ወንዶ ገነት አቅራቢያ ያለውን፣ ድሮ እያወራን የምንወጣውን ዳገት አፌን ከፍቼ እየተነፈስኩ እወጣው ጀመር። እሱ ከላይ እንሰት ጥላ ሥር ብስክሌቱን አስደግፎ ይጠብቀኛል፤ ስደርስ ውሃውን ከፍቶ ያቀብለኛል። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ዝምታው ግን ይብስ ያመኝ ነበር። ደም ማነስ ይሆን ብዬ ተመረመርኩ፤ ጤነኛ ነሽ ተባልኩ። ቁርሴን ቀየርኩ፣ በጊዜ መተኛት ጀመርኩ። አልተሻለኝም። በመጨረሻ «አንተ ብቻህን ሂድ፣ እኔ እየጎተትኩህ ነው» አልኩት። እምቢ አለ፤ ሁለት ቅዳሜ አብሮኝ ቤት ዋለ። እነዚያ ሁለት ቅዳሜዎች ዛሬም ያንገበግቡኛል።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ ከዓመት በፊት ያቀድነውን ጉዞ ለመሄድ ወሰንን። የመጀመሪያው ቀን ከሐዋሳ ይርጋለምን ይዞ አለታ ወንዶ፣ ሁለተኛው ቀን ወደ ሀገረ ሰላም ሽቅብ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ። ቡናውና እንሰቱ እየቀነሰ ቀርከሃው እየበዛ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ የሚሄድ መንገድ ነው። እኔ ግን ከፊት ጎማዬ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ከግማሽ በላይ ከወጣን በኋላ አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው አዩኝና «ልጄ፣ አረፍ በይ» ብለው አስገቡን። ቅቤ የጠገበ ቡሪሳሜ ከእርጎ ጋር ሊያቀርቡልን ተነሡ። እኔም ወዲያው ቦርሳዬን ለመፍታት ከብስክሌቱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ባቴ የኋላውን ዲስክ ነካ፤ አቃጠለኝ። የመጣነው እኮ በዳገት ነው! ለመሆኑ ዳገት ላይ ፍሬን የሚይዝ ማን ነው?

ባለቤቴ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶ በእጁ አሽከረከረው። ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። የራሱን አነሣና አሽከረከረ፤ ዞረ፣ ዞረ፣ ሴትዮዋ «ኧረ ይኼ አይቆምም እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ዞረ። ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የደከመሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። አለቀስኩ። እናትየው ከሰው የተጣላሁ መስሏቸው ባለቤቴን ተቆጡት።

እጀታው ላይ ያለውን የዘይት መያዣ ክዳን ጭቃ ሸፍኖት ነበር። በአውራ ጣቴ ጠረግኩት። ከሩዝ ፍሬ በማይበልጡ ፊደላት በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በአማርኛ የማዕድን ዘይት ብቻ ተጠቀም ማለት ነው። ከተገዛ ጀምሮ እዚያው ነበር። ሻጩ ክዳኑን ሲፈታ ጣቱ ያረፈው በዚያው ጽሑፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ተገፍቶ ታች ያሉትን ፒስተኖች ይገፋል፤ እነሱም ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቁታል። እጅ ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ዙሪያውን የያዘው የጎማ ቀለበት ነው፤ ሲገፋ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ለማዕድን ዘይት የተሠራ ቀለበት የመኪና ፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይበላሻል። ያበጠ ቀለበት ፒስተኑን አይመልስም። እጄን ብለቅም ሸራው ዲስኩን አይለቅም፤ ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ከራሴ ፍሬን ጋር ስታገል ነበር ማለት ነው።

ሻጩ ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስለት። «የሞላሁልሽ የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት 4፣ እኮ ጠንካራ ዘይት ነው፣ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል» ይለኛል። አዎ፣ አዲስ ከሆነ እውነት ነው፤ ለመኪናው ጥሩ ዘይት ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት የሚወስዱ የብስክሌት ፍሬኖችም አሉ። የእኔ ከእነሱ ወገን አይደለም፤ ይህም ክዳኑ ላይ ተጽፏል። «ማን ያንን ያነባል?» ካለኝ ደግሞ፣ እኔ መምህር ነኝ፤ ማንበብ ሥራዬ ነው፣ ለዚያ ፍሬን ዋጋ የተቀበለው ግን እሱ ነው። ማንበብ የነበረበት እሱ ነው።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የኋላውን ሸራ ፈትቶ አወጣልኝ፤ እጀታውን እንዳልነካው ደግሞ በጨርቅ አሠረው። በፊት ፍሬን ብቻ ቀስ እያልኩ ወረድኩ፤ ቁልቁለቱ በሚያስፈራበት ቦታ ሁሉ ሁለታችንም ወርደን እየገፋን በእግራችን ሄድን። አለታ ወንዶ የገባነው መሽቶ፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ሆነን ነው። ግን ፊት ፊት የምሄደው እኔ ነበርኩ።

የተራራ ብስክሌት ታሪኩ ራሱ የፍሬን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ወጣቶች አሮጌ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶች ይዘው ከተራራ ቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። ፍሬናቸው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ፣ የኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ያለ ነበር። በሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን መንገድ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ግራሶው እየጨሰ ያልቃል፤ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ነበረባቸው። መንገዱንም ሪፓክ አሉት፤ እንደገና መሙላት እንደ ማለት ነው። እነዚያ ልጆች ፍሬናቸው ምን እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር፤ የሚፈልገውም ነገር እጃቸው ላይ ነበር። እኔን ያናደደኝ ይኼ ነው። ዘይቱን የማያቀርብ ሱቅ የዘይት ፍሬን ለምን ይሸጣል?

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ያበጠውን ቀለበት በወረቀት ጠቅልዬ ወስጄ አሳየሁት። ሳይነካው «አያያዝሽ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ታበዢያለሽ» አለኝ። ከእርሱ ጋር አልጨረስኩም፤ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ሰኔ ላይ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን በሽቦ በሚሠራ ዲስክ ፍሬን አስቀየርኩ። ዲስኩም ማሠሪያውም የቀድሞው ነው፤ የተቀየረው እጀታው፣ ሽቦውና መያዣው ብቻ ነው። የገጠመልኝ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል፤ እያንዳንዱን ብሎን አሳይቶኛል። የሽቦ ፍሬን ጉድለት የለበትም አልልም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ጣቴን ያመኛል፤ ሸራው ባለቀ ቁጥር በእጅ እየዞረ መጥበቅ አለበት፤ ጭቃ ሲገባበት ሽቦው ይከብዳል። የባለቤቴ የዘይት ፍሬን፣ ትክክለኛውን ዘይት ከአዲስ አበባ አስመጥተን ይዘንለት፣ በአንድ ጣት ይይዛል፤ እያየሁት አልክድም። ግን ሽቦ ይርጋለምም አለታ ወንዶም ይገኛል፤ ቢበጠስ ማንም ብስክሌት ጠጋኝ ይቀይርልኛል።

ብስክሌቱን እንደገና ትገዢዋለሽ ወይ ለሚለኝ፣ አካሉን አዎ፣ ያለ ማመንታት። ለፍሬኑ ግን አንዲት ሳንቲም አልከፍልም። ባለ ዘይት ፍሬን ገዝታችሁ ከሆነ አሁኑኑ ክዳኑን ጥረጉና አንብቡ። የማዕድን ዘይት ይላል፣ የመኪና ዘይት ግን ተሞልቶበት ከሆነ፣ ዘይቱን ቀይሬ አልፈዋለሁ አትበሉ፤ ቀለበቶቹ ተጎድተዋል፣ አብረው መቀየር አለባቸው።

አሁን ከጉዞ በፊት ማታ ማታ የሁለታችንንም ጎማ እያነሣን እናሽከረክራለን። እኔ አሽከረክራለሁ፣ ባለቤቴ ይቆጥራል። ነገ ወንዶ ገነት ነን። ዛሬ ማታ የእሱ ሃያ ስድስት ዙር ዞረ፤ የእኔ ሃያ ዘጠኝ።