ዜናና ሙዚቃ በአንድ ማዞሪያ፦ ስለ አንድ ዲጂታል ራዲዮ

ይህን ራዲዮ የገዛሁት ለዜና ነበር፤ የወደድኩት ግን ከዜና ወደ ሙዚቃ፣ ከሙዚቃም ወደ ተቃራኒው ወገን ዜና የሚወስደው መንገድ አጭር በመሆኑ ነው። ኤፍ ኤም፣ መካከለኛ ሞገድ፣ አጭር ሞገድና የኢንተርኔት ራዲዮ በአንድ ላይ የያዘ፣ መጠኑ ከአንድ መዝገበ ቃላት የማይበልጥ ዕቃ ነው። እንጀራዬ የሒሳብ ምርመራ ስለሆነ የሰው መዝገብ ሲቀርብልኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ያልተመዘገበው ላይ ነው። በዚህ ራዲዮም ላይ ያልተመዘገበ ነገር አለ፤ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ምስጋናው ይቅደም።

በቀኝ ጎኑ ያለው ትልቁ ማዞሪያ የዕቃው ነፍስ ነው። አንድ እርምጃ ሲዞር ጣት ላይ ቀጭን መንቋቋት ይሰማል፤ ወደ ውስጥ ጫን ሲሉት ደግሞ የእርምጃው ስፋት ከ5 ኪሎ ኸርዝ ወደ 1 ኪሎ ኸርዝ ይጠባል። ብዙዎቹ ርካሽ ዲጂታል ራዲዮኖች በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ድምፃቸውን ይውጣሉ፤ ጆሮ የሚሰማው የተቆራረጠ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ይህኛው አይውጥም። ከ9400 እስከ 9900 ኪሎ ኸርዝ ያለውን፣ የ31 ሜትር ባንድ የሚባለውን ሰፈር በምሽት ቀስ ብዬ ሳቋርጥ አንድ ዜና አንባቢ እየራቀ ይሄዳል፣ በሹክሹክታው ላይ የከበሮ ምት ይደረብበታል፣ ከበሮው ሳይጠፋ አንድ ሰባኪ ይገባል፣ ከሰባኪው ጀርባ ደግሞ የሌላ አገር ዜና አንባቢ የመጀመሪያው ያወራውን ክስተት በራሱ መንገድ ሲያወራ ይደርሳል። በስልክ መተግበሪያ ይህን ማግኘት አይቻልም። በመተግበሪያ የሚሰሙት የመረጡትን ነው፤ እዚህ ግን ወደመረጡት ለመድረስ ያልመረጡትን ማለፍ ግድ ነው።

ለአጭር ሞገድ አዲስ የሆነ ሰው ቀን ላይ ከፍቶ ጩኸት ብቻ ሲሰማ ዕቃው የተበላሸ እንዳይመስለው። ሞገዱ የሚጓዘው ከምድር በላይ ባለው፣ አየኖስፌር በሚባለው የአየር ንብርብር እየነጠረ ስለሆነ በቀን በድግግሞሽ ከፍ ያሉት (የሜትር ቁጥራቸው ያነሰው) ባንዶች፣ ለምሳሌ 19 ሜትር፣ በሌሊት ደግሞ ዝቅ ያሉት፣ 49 እና 41 ሜትር፣ የተሻለ ይሠራሉ። ከራዲዮው ጋር የሚመጣው መመሪያ ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

ለእኔ ሥራ የሠራልኝ ሁለተኛው ነገር መቅረጫው ነው። አንድ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ብቻ በቂ ነው፤ ድምፁ በትንሿ ካርድ ላይ ከነሰዓቱ ይቀመጣል። ስለ አንድ የፖለቲካ ክስተት ወሬው ሲሟሟቅ በአንድ ቀን የተነበቡ የሁለት ጣቢያዎችን ዜናዎች እቀርጽና ጎን ለጎን እሰማቸዋለሁ። የአንባቢው የድምፅ ቃና ብዙም አያሳስበኝም። የምጽፈው ሌላ ነው፤ የትኛው ዜና ቀደመ፣ ስንት ሰከንድ ወሰደ፣ ማን በራሱ ድምፅ ተናገረ፣ ማንስ «ብለዋል» ተብሎ በሌላ ሰው አፍ ተነገረለት፣ የመጨረሻውን ንግግር ማን አገኘ። አንድ የተቃውሞ ሰልፍ ነበር፤ አንደኛው ጣቢያ በሰልፈኞቹ ብዛት ጀመረ፣ አንዲት ሰልፈኛ አናገረ፣ የመንግሥትን መግለጫ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳለፈው። ሌላኛው በተሰበሩ መስኮቶች ጀመረ፣ የፖሊስ ቃል አቀባይ አናገረ፣ የሰልፉን ምክንያት ግን ፈጽሞ አላነሳውም። ሁለቱንም ደጋግሜ አዳመጥኳቸው፤ ሐሰት የሆነ አንድም ዓረፍተ ነገር አላገኘሁም። መዝገቡ የተዛባው በተጻፈው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ወቅት ማክስዌል ማክኮምብስና ዶናልድ ሾ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በቻፕል ሂል ከተማ ያልወሰኑ መራጮችን «ዋናው የአገሪቱ ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ደግሞ መራጮቹ ከሚከታተሏቸው የዜና ማሰራጫዎች ይዘት ጋር አስተያዩት። መራጮቹ ትልቅ ነው ያሉት ጉዳይና የዜና ማሰራጫዎቹ ቦታ የሰጡት ጉዳይ እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ በ1972 ታትሟል። ስለ ወገንተኝነት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚፈልገው ውሸትን ነው፤ ውሸት ግን የሰነፍ አዘጋጅ መሣሪያ ነው። ጎበዙ አዘጋጅ ቅደም ተከተል ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ በልበ ሙሉነት ስናገር አጎቴ ሊጠይቁኝ መጡ። እኔና እሳቸው በፖለቲካ አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። የአንድ የምርጫ ክርክር ዘገባ ቀርጬ ስለነበር አብረን ሰማነው። ሲያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አየህ? የእኛን ሰው ንግግር መሐል ላይ ቆረጡት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የእኛን ነው እንጂ የቆረጡት! የእርስዎ ሰው እኮ ሁለት ጊዜ ተናገረ።»

«አንዴ ነው የተናገረው። ሁለተኛው እሱን ሊያሳጡበት ያስገቡት ነው።»

መልሰን አጫወትነው። ሁለተኛው ንግግር አለ፤ እሳቸው እንዳሉት ደግሞ ከሁሉም ንግግሮቹ ደካማው ነበር። የእኔ ሰው ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ግን ነጥቡን ከጨረሰ በኋላ ነው። ራዲዮው ወደ ኋላ የሚመልሰው በአሥር አሥር ሰከንድ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት ሙግት ይመቻል፤ አጎቴም ቁልፉን በፍጥነት ለመዱት። ቡናቸው ቀዝቅዞ እንኳ ሙግቱ አላለቀም።

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት አለ። በ1982 በቤይሩት ፍልስጤማውያን ስደተኞች በሚኖሩባቸው በሳብራና ሻቲላ ሰፈሮች ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፉ የቴሌቪዥን ዜናዎችን እስራኤልን ለሚደግፉና ዓረቦችን ለሚደግፉ ተማሪዎች አሳዩ። ፊልሙ አንድ ነው። የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች ግን ዘገባው በእኛ ላይ ያደላ ነው አሉ። ጣቢያዎች ይህን ጥናት በጣም ይወዱታል፤ «ሁለቱም ወገን ከከሰሰን ሚዛናዊ ነን ማለት ነው» ለማለት ያመቻል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ባለጉዳዮች ስለከሰሱት ብቻ ሒሳቡ ትክክል ነው ተብሎ ፋይሉ የተዘጋለት ገንዘብ ያዥ አላየሁም። ጥናቱ ስለ አድማጩ ጆሮ ይናገራል፤ ስለ ጣቢያው መዝገብ ለማወቅ መዝገቡን መክፈት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው መቅረጫውን የማመሰግነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ድምፅ ማጉያው አንድ ብቻ ነው፤ ጠባብ ነው፤ ከትንሽ ሳጥን ተአምር አይጠበቅም። ለፍተሻ የተጠቀምኩበት ሙዚቃ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ነው፤ የጆሮዬ ጠባይ እንደዚያ ስለሆነ። ማሲንቆ ግሩም ሆኖ ይወጣል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው ያ አንድ ክር የሚኖረው ራዲዮው በሚችለው መካከለኛ ድምፅ ውስጥ ስለሆነ ቀስቱ ክሩን ሲፍቅ ያለው ሻካራነት ሳይቀር ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን በአንጻሩ ይሞታል። 16 ጫማ ቁመት ያለው ቧንቧ የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ 32 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እዚህ ማጉያ ላይ ከዚያ ድምፅ የሚቀረው የጠረጴዛው መንቀጥቀጥ ነው፤ እሱም በጎ ፈቃድ ካለ። ሙላቱ አስታጥቄ ከጃዝና ከእኛ ቅኝቶች ጋር ያስማሙት ቫይብራፎን ጥርት ብሎ ይደውላል፤ ከሥሩ ያለው የቤዝ ጊታር ግን የለም ማለት ይቻላል። ኡም ኩልሱምን ደግሞ ይህ ራዲዮ በተለየ ሁኔታ ይመጥናታል። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ኮንሰርቷ በግብፅ ራዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ የነበረች፣ አንዱን ዘፈን ከአንድ ሰዓት በላይ የምታስኬድ ዘፋኝ ናት፤ ድምፅዋ ገና ከጅምሩ ለራዲዮ የተፈጠረ ይመስላል። በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ሁሉም ይስተካከላል፤ የማዳመጫው መሰኪያ ጥራት ያለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ይኸው ጆሮዬ ከማሲንቆ ወደ ኦርጋን፣ ከኦርጋን ወደ ማሊ ጊታር ሲዘል ማንንም አይከስም። የማላውቀው ቅኝት ሲመጣ «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ይጫወታል?» ብዬ ጠጋ እላለሁ። የማልወደው ወገን ዜና ሲመጣ ግን እጄ ወደ ማዞሪያው ይሮጣል። አጎቴ ምክንያቱን «ዘፈን ግብር አያስከፍልህም» ብለው ነግረውኛል፤ እስካሁን የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ዘፈንም ቢሆን ከፖለቲካ ነጻ ሆኖ በአየር ላይ ኖሮ አያውቅም። ዊሊስ ኮኖቨር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ በአጭር ሞገድ ጃዝ ያጫውት ነበር። በዝግታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው እንዲገባ አድርጎ ይናገር ነበር፤ ስለ ፖለቲካ ማውራት አይወድም። በምሥራቅ አውሮፓና በሶቪየት ኅብረት እጅግ ብዙ አድማጭ ነበረው፤ በገዛ አገሩ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ በ1948 የወጣው ሕግ የጣቢያው ዝግጅት ለውጭ አድማጭ እንጂ ለአገር ውስጥ እንዲሰራጭ አይፈቅድም ነበርና። መንግሥት ገንዘብ የሚከፍልበት ጣቢያ፣ ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል የማይናገር ሰው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል። ወገንተኝነት ነው? የጃዙ መመረጥ በራሱ አዎ ያሰኛል። ጃዙ ግን ጃዝ ነበር፤ የሰማውም ሰው አልተታለለም።

ያልኩት ጉድለት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በኢንተርኔት ራዲዮው ክፍል አንድ ጣቢያ ሲከፈት ስክሪኑ የጣቢያውን ስም፣ አገሩን፣ የዝግጅቱን ዓይነትና «128 ኪሎ ቢት» የሚል የጥራት ቁጥር ያሳያል። የድምፁ ጥራት እስከዚህ ድረስ ሲነገረኝ ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ የትም አልተጻፈም። የመንግሥት ጣቢያ፣ የፓርቲ ጣቢያ፣ የነጋዴ ጣቢያ፣ አድማጮቹ በሚያዋጡት የሚኖር ጣቢያ ሁሉም «ዜና» በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደርድረዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዶይቸ ቬለ ከጀርመን ፌዴራል መንግሥት በጀት የሚተዳደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የተጀመረው የቢቢሲ የዓለም አገልግሎት እስከ 2014 ድረስ ዋናውን ገንዘብ ያገኝ የነበረው ከብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ማወቅ ጣቢያዎቹን ውሸታም አያደርጋቸውም፤ ጆሮን ግን ያነቃዋል። አንድ ተጨማሪ መስመር፣ ባለቤቱ እገሌ፣ ገንዘቡ ከእገሌ የሚል፣ ይህን ስክሪን አያጨናንቀውም ነበር።

ከዚህ የባሰው «ለእርስዎ የተመረጡ» የሚለው ማውጫ ነው። ያዳመጡትን እያየ ጣቢያ ይጠቁማል። ሁለት ምሽት የማሊ ጊታር ስሰማ ዝርዝሩ በሙሉ የበረሃ ጊታር ሆነ፤ ይሁን፣ አልተከፋሁም። በዜናው ግን እኔ ረዘም ላለ ጊዜ ቆይቼ የሰማሁትን ወገን እያበዛ ሌላውን ከዝርዝሩ ግርጌ አወረደው፤ ቀጥሎም አጠፋው። ማዞሪያው በአጭር ሞገድ የሰጠኝን ይህ ማውጫ በኢንተርኔቱ በኩል ወሰደብኝ። ማጥፋት ይቻላል፤ ማጥፊያው ያለው በቅንብሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ «የግል ተሞክሮ» በሚል ስም ተደብቆ ነው። ዕቃውን የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት እዚያ ይሂድ።

የቀሩትን ቶሎ ልጨርስ። ባትሪው 18650 የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ሲያረጅ በየትም ይተካል፤ አምራቹን ለዚህ አመሰግናለሁ። የኢንተርኔቱ ስርጭት ከኤፍ ኤሙ በግማሽ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ በሰዓት ምልክቱ ሰዓት መሙላት አይገባም። የኤል ኢ ዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር አጠገቡ ካለ አጭር ሞገዱ ላይ የንብ መንጋ ይሰፍራል፤ መፍትሔው በመስኮት በኩል ዘርግቶ፣ ከእነዚህ ዕቃዎች ራቅ አድርጎ ጥቂት ሜትር ሽቦ ከአንቴናው ጋር ማያያዝ ነው። መቅረጫው የፋይሉን ስም በቀንና በሰዓት ብቻ ስለሚሰይም የጣቢያውን ስም በእጅ መጻፍ ያስፈልጋል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። አጎቴ አራት ይገባዋል ብለዋል፤ አንዱን ለመግዛትም አስበዋል፤ የእኔን ግን ገና አልመለሱልኝም።