ሪኮኒክስ ሃይፐርፋየር 2፦ ለክሮስ ሪቨር ጎሪላ ክትትል ይሆናል?

በናይጄሪያና በካሜሩን ድንበር ላይ ባሉት ገደላማ ደኖች የቀሩት የክሮስ ሪቨር ጎሪላዎች ከ300 አይበልጡም። ለረጅም ዘመን ሲታደኑ ስለኖሩ የሰው ኮቴ ገና ከሩቅ ሲሰሙ ጥሻው ውስጥ ይሰወራሉ፤ ዓመታት ሲከታተሏቸው ቆይተው በዓይናቸው ያላዩዋቸው ሰዎች አሉ። በ2020 ከናይጄሪያ ምቤ ተራሮች የወጡት ፎቶዎች፣ ሰባት ጎሪላዎች ግልገሎቻቸውን ይዘው ሲጓዙ የሚያሳዩት፣ ዛፍ ላይ በታሰረ ካሜራ የተነሱ ናቸው። ጎሪላዎቹ ዛሬም እየወለዱ መሆኑን በዓይን ያሳየ ማስረጃ ስለሆነ የካሜራው ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለዚህ ሥራ ሃይፐርፋየር 2ን እንመርጣለን፤ ሪኮኒክስ የተባለ ኩባንያ የሚሠራው፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ዋናው ምክንያት ብርሃኑ ነው። ሌሊት የሚጠቀመው ኢንፍራሬድ ለዓይን አይታይም። ርካሾቹ ካሜራዎች በጨለማ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ያሳያሉ፤ ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው ያንን ካየ ካሜራውን ይዞት ይሄዳል፣ የወራት መረጃም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው፤ እንቅስቃሴ ካየበት ቅጽበት እስኪያነሳ 0.2 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ጠባብ መተላለፊያ ላይ አንድ ሰከንድ የሚዘገይ ካሜራ የሚሰጣችሁ የጎሪላ ጀርባ ነው፣ ወይም ባዶ ቅጠል። ጉድለቱ ዋጋውና ክብደቱ ነው። በአንድ ጊዜ 12 ደብል ኤ ባትሪ ይጎርሳል፤ 20 ካሜራ ለመሙላት 240 ባትሪ በዳገት መሸከም ማለት ነው።

ባትሪው ሊቲየም ይሁን። ተራው አልካላይን ኃይሉ ቀስ በቀስ ስለሚወርድ ካሜራው የሚሠራ እየመሰለ የሌሊቱ ፎቶ እየጨለመ ይሄዳል። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ባትሪ ከቀየራችሁ በኋላ ሰዓትና ቀኑን ሁልጊዜ ተመልከቱ፤ ቀኑ የተሳሳተ ፎቶ ለቆጠራ አይረባም። መጀመሪያ የሚነሳው ፎቶ ካሜራው የተሰቀለበት ቦታ ቁጥር፣ ቀንና የጂፒኤስ ነጥብ የተጻፈበት ሰሌዳ ይሁን፤ ፎቶ የሚቀመጥባቸው ካርዶች ሲደባለቁ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አቀማመጡ ላይ ነው። ጎሪላ በየማታው አዲስ መኝታ ስለሚሠራና ወደ አሮጌው እምብዛም ስለማይመለስ ካሜራን መኝታው አጠገብ መስቀል ትርፉ ድካም ነው። የሚሻለው የእንስሳት መተላለፊያ ወይም ፍሬ የያዘ ዛፍ ሥር ነው። ከመተላለፊያው 3 እስከ 5 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙራችሁ እሰሩት። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያሳውረዋል። ሴንሰሩ የሚነቃው በሙቀት ልዩነትና በእንቅስቃሴ ስለሆነ ፀሐይ ያሞቀው ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ በሺህ የሚቆጠር ባዶ ፎቶ ካርዱን ይሞላዋል። ፊት ለፊቱ ያለውን ሣርና ቅጠል አጽዱ፤ ግን ሰው እዚህ ምን ሲሠራ ነበር እስኪያሰኝ ድረስ አትመንጥሩ። ከዚያ የመፈተሻውን ሞድ ከፍታችሁ በአራት እግር እየሄዳችሁ ከፊቱ እለፉ። መብራቱ ካልበራ አንግሉ ተሳስቷል።

ካሜራው አንዴ አንስቶ ለሚቀጥለው እንቅስቃሴ እስኪነቃ የሚኖረውን እረፍት ዜሮ አድርጉት። ጎሪላዎች በሰልፍ ነው የሚያልፉት፤ የአንድ ደቂቃ እረፍት ከሰጣችሁት የፊተኛውን አንስቶ ግልገል ያዘለችውን እናት ይስታል።

ከሌባ ቀጥሎ ጠላቱ እርጥበት ነው። ሁለት ከረጢት ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ውስጡ አስቀምጡ፣ በተመለሳችሁ ቁጥርም ቀይሩት። የክዳኑን የጎማ ማሸጊያ በጨርቅ ጠርጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ውኃ ታስገባለች። ጉንዳንም በዚያው ክፍተት ገብቶ እንቁላሉን ይጥላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ከቡድኑ ጋር አይውጣ፤ የእኛ ሳል ጎሪላን ይገድላል።

ካሜራው የማይችለውን ደግሞ አትጠይቁት። ጠቅላላ ቁጥር አይነግራችሁም፤ ለእሱ መኝታ መቁጠርና ከፋንድያ ዲኤንኤ መውሰድ ያስፈልጋል። ጎሪላን ከጎሪላ የሚለየው የአፍንጫው መስመር ነው፤ ይህን አጥርቶ የሚያሳይ ፎቶ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ለሌላ አውሬ የተጠመደ የሽቦ ገመድ የጎሪላ እጅ ሲይዝም ካሜራው ገመዱን አይፈታም። በእግሩ እየዞረ ሽቦ የሚነቅለውን ጠባቂ ደመወዝ ቀንሳችሁ ካሜራ አትግዙ።

ካሜራውን ከመስቀላችሁ በፊት አንድ ጉዳይ ይጨረስ። ምቤ የመንግሥት ፓርክ አይደለም፣ የዘጠኝ መንደሮች መሬት ነው። ካሜራው ማገዶ የምትለቅመውንም እናት፣ ከእርሻው የሚመለሰውንም ገበሬ ያነሳል። የሰው ፎቶ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚሰረዝ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከታየ ለማን እንደሚነገር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ተስማሙ። ሳትነጋገሩ የሰቀላችሁት ካሜራ በሳምንቱ ከዛፉ ላይ ላይገኝ ይችላል።