እንጦጦን በብስክሌት፦ «ለጀማሪ» የተባለው ጉዞ
ባለፈው እሑድ ከአስጎብኚ ጋር ወደ እንጦጦ ያደረግሁት የተራራ ብስክሌት ጉዞ «ለጀማሪ ይሆናል» ቢባልም፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ዳገቱ አስፋልት ብቻ ለለመደ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። ድርጅቱ አስቀድሞ የጠየቀኝ ቁመቴን እንጂ የመንዳት ልምዴን አልነበረም። ብስክሌቱስ ደህና ነው፤ ማርሹ ያለ ችግር ይቀያየራል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ይሁን እንጂ በባሕር ዛፉ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ቁልቁል ስንወርድ የደረቀው ቅጠል ጎማውን ቢያንሸራትተው፣ ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨምድጄ በመያዜ ወደቅሁ። አስጎብኚው ግን ይመሰገናል፤ ኮርቻዬን ዝቅ አድርጎ፣ ክብደቴን ወደ ኋላ እንዴት እንደማደርግ በትዕግሥት አሳየኝ። ለመመዝገብ የምታስቡ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የዳገቱን ርዝመት፣ የመንገዱን ዓይነት፣ እንዲሁም ለደከመ ሰው ተከታይ መኪና መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።