የሞንትጎመሪ ካውንቲ የግንባታ ገደብ፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (አውራጃ) ለምንኖር ሰዎች የግንባታ ገደቡ በግብራችን የምናገኘው አገልግሎት ነውና እንደማንኛውም ዕቃ ልገምግመው። እ.ኤ.አ. በ1980 ካውንቲው ከመሬቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ወደ 93,000 ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው)፣ ለእርሻ ከለለ። እዚያ በ25 ኤከር ከአንድ ቤት በላይ አይሠራም። ገበሬው ግን ባዶ እጁን አልቀረም። የመገንባት መብቱን ቤት ሠርቶ ለሚሸጥ አልሚ ይሸጣል፣ አልሚው ደግሞ በዚያ መብት ሌላ ሰፈር ላይ ተጨማሪ ቤት ይሠራል። ብልጥ አሠራር ነው፣ ሙሉ ነጥብ። የእርሻ ስፍራው ቅዳሜ ልጆች ይዞ ወጣ ለማለትም ይመቻል።

የትምህርት ቤቱ ገደብ ግን አልጣመኝም። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተማሪያቸው ቁጥር የአቅማቸውን 120 በመቶ ካለፈ አዲስ የመኖሪያ ፕሮጀክት አይፈቀድም ነበር፤ በ2019 የካውንቲው አካል የሆነው ስልቨር ስፕሪንግም ደርሶታል። ክፍሎቹን በአብዛኛው ያጨናነቀው እኮ አዲስ አፓርታማ አይደለም፣ አሮጌ ቤት ሲሸጥ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ስለሚገባበት ነው። ታዲያ ግንባታ ማቆም ምን ይፈይዳል? ኪራይ እንዳይረክስ ካልሆነ! በ2020 የካውንቲው ምክር ቤት ገደቡን በአብዛኛው አንስቶ፣ ትምህርት ቤት በተጨናነቀበት ሰፈር የሚገነባ አልሚ ተጨማሪ እንዲከፍል አደረገ። ይሻላል። ክፍያው ዞሮ ዞሮ ቤት ፈላጊው ላይ እንደሚያርፍ ግን ደላላ ሳይነግረንም እናውቃለን።