ጎንደር ላይ ስቱዲዮ ላላችሁ ሁሉ፦ ይህችን ልጅ ጥሯት

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ጎንደር ውስጥ የምትቀዱ፣ የምታቀናብሩ፣ የሰርግ ባንድ ያላችሁ፣ መዝሙር የምታሠሩ ሁሉ ብታነቡት ትጠቀሙበታላችሁ።

ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ የተዝረከረከውን የስቱዲዮ ፋይላችንን ያደራጀችልን አንዲት ልጅ አለች። ስሟን እንዳልጽፍ አስጠንቅቃኛለች። "ጋሼ፣ ስሜን ካወጡት ሰው ሁሉ የተሰበረ ስልክ ይዞ ይመጣብኛል" ነው ያለችኝ። ስለዚህ ስም የለም። ስልኳን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሱን ፈቅዳለች።

የእኛ ስቱዲዮ ማራኪ አካባቢ ያለች አንድ ክፍል ናት። የተለያዩ አቀናባሪዎች ይገቡባታል፣ ይወጡባታል። አንዱ በኪዩቤዝ ይሠራል። አንዱ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ይወዳል። ሌላው ሪፐር ካልሆነ አይነካም። ሦስቱም ሙዚቃ የሚቀዳባቸውና የሚቀናበርባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። አንዱ ፋይሉን በዘፋኙ ስም ያስቀምጣል፣ አንዱ በቀኑ፣ አንዱ ደግሞ "አዲስ" ብሎት ይሄዳል። ይህ ለዓመታት ሲጠራቀም ምን እንደሚመስል ገምቱት። ማሽኑ ደህና ነው፣ ዘፈኑ ግን አይገኝም። ጥር ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ጥምቀቱ አለ፣ ሰርጉ አለ፣ ሁሉም "ዛሬውኑ ስጡኝ" ነው የሚለው።

ማሽኑን መጀመሪያ ሌላ ሱቅ ወስጄው ነበር። "ዲስኩ ሞልቷል፣ የማይፈለገውን አጥፍተን ፎርማት እናድርገው" አሉኝ። የማይፈለገው የትኛው እንደሆነ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። ይዤ ተመለስኩ።

ልጅቷ ስትመጣ ኮምፒውተሩን አልከፈተችም። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ተቀመጠችና "ጋሼ፣ ሰው ፋይል ፈልጎ ሲመጣ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅዎት?" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ትንሽ አሰብኩ። አንዱ "ያችን የባቲዋን" ይላል። አንዷ "የእህቴ ሰርግ ጊዜ የቀዳችሁትን" ትላለች። ከደምቢያ የሚመጡ አንድ ማሲንቆ መቺ አባት አሉን። እሳቸው "ያን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያቋረጥነውን" ነው የሚሉት። እሷ ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ "እንግዲያው መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ጊዜ፣ ከዚያ ዘፈኑ" አለች። የፎልደሩ አደራደር በዚያች ወረቀት ላይ አለቀ። እያንዳንዱ ዘፋኝ ወይም ባንድ አንድ ፎልደር አለው። ውስጡ ዘፈኖቹ አሉ። በየዘፈኑ ውስጥ ደግሞ ፕሮጀክቱ (ፕሮግራሙ የሚከፍተው የሥራ ፋይል)፣ ጥሬ ቀረጻው፣ ሚክሱ (ድምጾቹ ተመጣጥነው የተዋሃዱበት) እና ማስተሩ (ተጠናቆ ለመውጣት የተዘጋጀው) ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሌላ ጥበብ የለውም።

ጊዜ ስንል ግን የማን ጊዜ? ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፣ ደንበኛው የኛን። አንዱ አቀናባሪ "2016" ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው ሲያየው የድሮ ፋይል ይመስለውና ያልፈዋል። እሷ ስሙ ላይ የኛው አቆጣጠር ይጻፍ አለች። የሚጠይቀን ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፣ የፈረንጁን ማሽኑ ራሱ ይይዘዋል። ወሩ ግን በቁጥር ይጻፋል። ኮምፒውተር መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር የሚባል ተራ አያውቅም፣ በፊደል ነው የሚደረድረው። ስለዚህ 2016 ብሎ 05 ካለ የ2016 ጥር ነው። ጳጉሜን 13 ናት። ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ ሲመጣ ፋይሉ በራሱ ተራውን ይይዛል። ዜሮዋን ግን አትርሷት። አንዳንዱ ፕሮግራም 10ን ከ5 በፊት ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደል ነው። "ሠርግ" ብሎ የጻፈ አለ፣ "ሰርግ" ብሎ የጻፈም አለ። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም። "ፀሐይ" እና "ጸሀይ"፣ "ዓለም" እና "አለም" እንደዚያው። ልጅቷ በብዛት የምንጠቀምባቸውን ስሞች አንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችልን። ቅኔ ቤት ያለፈ አንድ አቀናባሪ አለን፣ ወረቀቱን ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። "ይሄማ ስህተት ነው፣ ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው" ብሎ ተከራከራት። "ልክ ይሁን አላልኩም፣ አንድ ዓይነት ይሁን ነው ያልኩት" አለችው። እሱ አሁንም ቅር ይለዋል፣ ግን እንደ ወረቀቱ ነው የሚጽፈው። የፎልደሩን ስም በአማርኛ፣ በፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትን የድምጽ ፋይሎች ግን በላቲን ፊደል አድርጋዋለች። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች የኛን ፊደል ሲያዩ ሳጥን ሳጥን ያደርጉታል፣ አንዳንዶቹም ፋይሉን አልከፍትም ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚህ ከተማ ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ዘፈን እንዳጣ አውቃለሁ።

የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ድምጽ የለም። የኪዩቤዙም፣ የኤፍ ኤሉም፣ የሪፐሩም ፋይል በአብዛኛው ማስታወሻ ነው የሚይዘው። "ድምጹ እዚህ ቦታ አለ፣ እዚህ ላይ ተቆርጧል፣ ይህን ያህል ከፍ ብሏል" ይላል። ድምጹ ራሱ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ባህር ዳር ያለ ዘፋኝ ቮካሉን፣ ማለትም የዘፈነበትን ድምጽ፣ በቴሌግራም ይልካል እንበል። አቀናባሪው ዳውንሎድ ውስጥ ካለው የቴሌግራም ፎልደር ጎትቶ ፕሮጀክቱ ላይ ይጥለዋል። ይሠራል፣ ያምራል፣ ሁሉም ይደሰታል። ከወራት በኋላ አንዱ ቦታ ሲጠብበው ዳውንሎዱን ያጸዳል። ከዚያ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ማሲንቆው አለ፣ ከበሮው አለ፣ ዘፋኙ የለም። "ፕሮጀክቱን እኮ በፍላሽ ይዤዋለሁ" የሚል ሰውም እንዲሁ ነው። ያቺን ትንሽ ፋይል ብቻ ከሆነ የያዘው፣ የያዘው ማስታወሻውን ነው።

ልጅቷ ፕሮጀክቶቹን አንድ በአንድ አስከፈተችን። የጎደለው ካለ ያኔውኑ ፈለግን። ከዚያ ድምጹን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ሰበሰበችው። ይህ የሚሠራበት መንገድ በየፕሮግራሙ አለ፣ ግን ብዙዎቻችን አንነካውም። ኪዩቤዝ ላይ ፋይል ሜኑ ውስጥ "ባክአፕ ፕሮጀክት" የሚል አለ። ኤፍ ኤል ላይ ኤክስፖርት ውስጥ "ዚፕድ ሉፕ ፓኬጅ" ይላል። ሪፐር ላይ "ሴቭ አዝ" ስትሉ ሚዲያውን ሁሉ ወደ ፕሮጀክቱ ፎልደር ኮፒ አድርግ የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ። ዛሬ ማታ አንዱን ፕሮጀክት ከፍታችሁ ሞክሩት።

ሌላም አለ። ትራኩ፣ ማለትም አንዱ ድምጽ ለብቻው የሚቀዳበት መስመር፣ ስም ሳይሰጠው ከተቀዳ ኪዩቤዝ በራሱ "ኦዲዮ 01" እያለ ነው የሚያስቀምጠው። በየፕሮጀክቱ "ኦዲዮ 01" አለ። በአንዱ ዋሽንት ነው፣ በሌላው ጭብጨባ፣ በሌላው እልልታ። ስለዚህ ድግግሞሹን ስታጸዳ ስም አላመነችም። የፋይሉን ይዘት የሚያወዳድር ፕሮግራም ነው የተጠቀመችው። ስማቸው አንድ ሆኖ ድምጻቸው የተለያየ፣ ስማቸው የተለያየ ሆኖ ድምጻቸው አንድ የሆነ ስንት ወጣ መሰላችሁ! ያም ሆኖ ራሷ አንድም ፋይል አላጠፋችም። "ይታይ" የሚል ፎልደር ከፍታ የሚያጠራጥረውን ሁሉ እዚያ አኖረችው። አዳምጠን የወሰንነው እኛ ነን። ለዚህ ለዚህ ነው ባለሙያ የምላት።

ፋይል ስታዛውርም "ከት" አታደርግም፣ ማለትም ከቦታው ቆርጣ አትወስድም። ኮፒ ታደርጋለች፣ የተቀዳው ልክ መሆኑን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ በኋላ ነው የድሮው የሚነሳው። መብራት መሀል ላይ እልም ሲል ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አልነግርም።

ማሲንቆና ክራር የምትቀዱ ይህችን ደግሞ ልብ በሉልኝ። የኛ አዝማሪ ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር የማሽን ድምጽ) እየሰማ አይጫወትም። ሲያሻው ያዘገያል፣ ስሜት ሲመጣ ያፈጥናል፣ ግጥም ሲቀበል ይቆማል። ያ ደግሞ ውበቱ ነው። ግን ዘፈኑ ወደ ሌላ ስቱዲዮ ሲላክ በፍጥነት ቁጥር አይገጣጠምም። የክራሩ ፋይል ክራሩ ከገባበት ቦታ፣ የቮካሉ ቮካሉ ከገባበት ቦታ ተቆርጦ ከተላከ ተቀባዩ የት እንደሚያስቀምጠው በምን ያውቃል? እሷ እንዳሳየችን አሁን ሁሉም ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ነው የሚወጣው፣ ፊቱ ባዶም ቢሆን። አዲስ አበባ ያለው ሚክስ የሚሠራልን ሰው ሁሉንም መነሻ ላይ ሲጥላቸው ይገጥሙለታል። ደውሎ "ምን ነካችሁ፣ ሠለጠናችሁ እኮ!" አለኝ።

ቦታ ይበላል ትሉኝ ይሆናል። አዎ ይበላል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት የተቀዳ አንድ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር) ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። 5 ደቂቃ የሆነ 20 ትራክ ያለው ዘፈን ወደ 860 ሜጋባይት ይደርሳል ማለት ነው። ያው ዘፈን በጥሩ ጥራት ኤምፒ3 ሲሆን 12 ሜጋባይት ብቻ ነው። ታዲያ "ኤምፒ3ው ካለ ይበቃል" የሚሉ አሉ። አይበቃም። ኤምፒ3 አንዴ የጣለውን ድምጽ ወደ ዌቭ (ወዳልተጨመቀው የድምጽ ፋይል) ብትመልሱትም አይመልሰውም። ነጠላ ትራኮቹን ደግሞ ከእሱ ማውጣት አይታሰብም።

ለመጠባበቂያ ሦስት ቅጂ ነው ያዘዘችን። አንዱ ማሽኑ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ዲስክ ላይ ሆኖ ከስቱዲዮው ውጭ፣ ሰው ቤት። ሌባም እሳትም ሁለቱን ቤት ባንዴ አያገኛቸውም። ፍላሽን ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አትቀበልም። ያ ፋይላችሁን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳይ ቫይረስ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ስቱዲዮ የሚገባው በፍላሽ ነው። ደግሞ ብዙው ፍላሽ የተዘጋጀው ፋት 32 በሚባል የፋይል አያያዝ ዘዴ ነው፣ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሌሊቱን ሙሉ የተቀዳ የመድረክ ሥራ አልገባም ሲላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በየዘፈኑ ፎልደር ውስጥ አንዲት የጽሁፍ ፋይልም አስቀምጣለች። ቅኝቱ ምንድን ነው፣ ማን ዘፈነ፣ ማሲንቆውን ማን መታ፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ማን ከፈለ። ይቺን መጀመሪያ ትርፍ ሥራ ብያት ነበር። አሁን ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። ማን እንደተጫወተ ካልተጻፈ ግን ነገ ማን ይመሰክራል? እኚያ የደምቢያው አባት ስማቸው ተጽፎ ሲያዩ "ይሄ የኔ ነው?" ብለው ደጋግመው አስነበቡን። የዝናቡንም ቀረጻ አገኘንላቸው፣ የቆርቆሮው ድምጽ ሳይቀር አለ።

እንግዲህ ጉድለቷንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። አትቸኩልም። "ነገ ይድረስልኝ" የሚል ሰው አይስማማትም። ሥራ ላይ ሆና ስልክ አታነሳም፣ መልእክት ጻፉላት። ቆጣ ማለትም ታውቃለች። አንዱ አቀናባሪያችን ፕሮጀክቱን ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ሲያደርግ አይታ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ዋጋዋ በዲስኩ መጠንና በፕሮጀክቱ ብዛት ይለያያል። እኛን ያስከፈለችን አንድ ዘፈን ሚክስ ከምናስደርግበት ያነሰ ነው። ለኔ ረክሶብኛል፣ ይህንን ግን ስታነብ ዋጋ እንዳትጨምር።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅሽ ይባረክ። የልጆቹም ምስጋና ነው፣ ያ ባለ ቅኔውም ጭምር።

መጥራት የምትፈልጉ ከጥር በፊት ያዟት። በጥር ሥራ አትቀበልም፣ እሷም ሰርግ አለባት። ስትሄዱ ባዶ ኤክስተርናል ገዝታችሁ ያዙ፣ ዲስካችሁ ላይ ካለው የሚበልጥ ይሁን። ሁለተኛ ቅጂ ሳይኖር የማንንም ፋይል አትነካም።