ከቁርጭምጭሚት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የአሉሚኒየም የብብት ክራንች በደብረ ማርቆስ መንገድ

እግሩን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ክራንች ነው። ስለ ክራንች የሚመክር ሰው ግን የለም። ሐኪሙ ስለ አጥንቱ ይነግራችኋል፣ ነርሷ ስለ ቁስሉ፣ ጎረቤት ስለ አጥሚቱ። ክራንቹን ግን ብብታችሁ ሥር ያስገቡና «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለው ይሸኟችኋል። ብዙ ሰው በዚህ ሲሠቃይ ስላየሁ የማውቀውን ልጻፍ።

ደብረ ማርቆስ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ክረምት ላይ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን አዳልጦኝ የግራ ቁርጭምጭሚቴ በሁለቱም ጎን ተሰበረ፤ በቀዶ ሕክምና ብረት ገባልኝ። የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ለ6 ሳምንት የግራ እግር መሬት አይነካም፣ ከዚያ ራጅ ታይቶ ቀስ በቀስ ይረገጣል። ቁጭ ስል ደግሞ እግሬ ከልቤ ከፍ ብሎ ትራስ ላይ መዋል ነበረበት።

እኛ ጋ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ክራንች ነው፤ አናጢ የሚሠራው የእንጨቱና ከውጭ የሚመጣው አሉሚኒየሙ። የእንጨቱን ከአክስቴ ልጅ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ጠንካራ ነው፣ ቢሰበርም የሰፈር አናጢ ይጠግነዋል። ግን ይከብዳል፣ ቁመቱም ለተሠራለት ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ረዥም፣ እኔ አጭር፤ ስይዘው ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ይደርስ ነበር። አሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ቁመቱ ይስተካከላል፣ መያዣውም በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። ሌላ ምንም ጥቅም ባይኖረው እንኳ ለዚህ ለመስተካከሉ ብቻ ይገዛል።

የሸጠልኝ ሱቅ ግን «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ እንደመጣ ነው የሰጠኝ። አንደኛው መያዣ ላይ ያለው ብሎን ዳዶ አልነበረውም። ስጠይቅ «እንዲሁ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ባለቤቴ ከብረታ ብረት መሸጫ በእጅ የሚጠብቅ ዳዶ ገዝቶ አሰረልኝ። ሙሉ ክብደታችሁ የሚያርፈው በዚያች ብሎን ላይ ነውና «እንዲሁ ነው» የሚል ሻጭ አትቀበሉ። ብሎኑም ከአገልግሎት ብዛት ይላላል፤ ልጄ በየሰንበቱ እያዞረ ያጠብቅልኝ ነበር።

በልኬ ያስተካከለልኝ በኋላ ያገኘሁት የፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ባለሙያ ነው። አለካኩ ቀላል ነው። የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የክራንቹ ጫፍ ከእግራችሁ ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ፊት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። በብብታችሁና በላይኛው ስፖንጅ መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት። እጃችሁን ስትለቁት መያዣው የእጃችሁ አንጓ ጋ ይድረስ፤ ስትጨብጡት ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ክብደት የሚያርፈው በመዳፍ ላይ ነው። ስፖንጁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቃችሁ ትይዙታላችሁ እንጂ አትንጠለጠሉበትም። ብብት ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ሲጫን እጅ ይደነዝዛል፣ ከባሰም አንጓን ቀና ማድረግ ያቅታል። እኔ ሌሊት የቀኝ እጄ ጣቶች እየደነዘዙ ሲያነቁኝ ሰንብተው፣ ክራንቹ ሁለት ቀዳዳ ዝቅ ሲል ለቀቁኝ። ይህን ያህል ነገር የሚያመጣ ዕቃ ያለ ምንም ማብራሪያ መሸጡ ያናድደኛል።

የደረጃውንም ሕግ ያስተማረኝ እሱው ነው። ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹና የታመመው ይከተላሉ። ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው ይቀድማሉ፣ ጤነኛው ይከተላል። የትምህርት ቤታችን ደረጃ መደገፊያ ስለሌለው ይህችን ሳላውቅ ወደ ሥራ ብመለስ ኖሮ ምን እንደሚገጥመኝ ማሰብ አልፈልግም።

የክራንቹ ትልቁ ድክመት ጎማው ነው። ከታች ጫፉ ላይ የሚሰካው ጎማ ለሆስፒታል ወለል የተሠራ ይመስለኛል። ኮብልስቶን ላይ በአንድ ጎኑ ይበላል፣ ከዚያ የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ብቅ ይላል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ እሱ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል። ዋልካ ጭቃ ላይ ሌላ ጣጣ አለው፤ ይሰምጣል፣ ስትነቅሉት ጎማው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። መለዋወጫ ጎማ ለብቻው የሚሸጥ ፈልጌ አጣሁ። ያዳነኝ ከመኪና ጎማ በርባሶ የሚሠራ ሰው ነው። ክራንቹን ተቀብሎ ገለበጠው፣ የተበላውን ጎማ በጩቤ እኩል አድርጎ ቆረጠ፣ ከመኪና ጎማ ክብ አውጥቶ በማስቲሽ አጣበቀው፣ ዙሪያውንም በወፍራም ክር ሰፋው። መንገድ ላይ ከፋብሪካው ይበልጣል፤ ድንጋዩን ቆንጥጦ ይይዛል። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ግን ደረቅ ስለሆነ ያዳልጣል፤ ባንክና ጤና ጣቢያ ስትገቡ በር ላይ ጫፉን በጨርቅ መጥረግ አትርሱ። ሰውዬው ሲጨርስ «እትዬ፣ ይሄ አንቺን ብቻ ሳይሆን በቅሎም ይሸከማል» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እስካሁን አልተነሣም።

ቤት ውስጥ ክራንች ብቻውን አይበቃም። የእኛ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ የሚባልበት ነው። በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት አይቻልም፤ ተቻለ ቢባል እንኳ መነሣት የለም። ባለቤቴ አናጢ አስመጥቶ መቀመጫው መሐል የተቀደደ፣ አራት እግር ያለው፣ በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አሠራልኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከገዛነውና ካሠራነው ሁሉ ለክብሬ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሰው ሐፍረት ይዞት ይህን አያወራም፤ ቤተሰባችሁ ውስጥ እግሩን የሚታከም ሰው ካለ ከሆስፒታል ሳይመለስ አሠሩለት። ለመታጠቢያ የፕላስቲክ ወንበር ይበቃል። ለቡና ስትቀመጡ ደግሞ በርጩማ ላይ አትቀመጡ፣ ከፍ ያለ ወንበር ይቅረብላችሁ።

ለሴቶች አንድ ልጨምር። ነጠላ ከክራንች ጋር አይስማማም። ጫፉ ወርዶ ክራንቹ ላይ ይጠመጠማል፣ እጅ ደግሞ ስለተያዘ ማንሣት አይቻልም። እኔ ሁለቱን ጫፍ ደረቴ ላይ አመሳቅዬ ወገቤ ላይ ወደ ኋላ እቋጥረው ነበር። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ውኃ በአንገት በሚንጠለጠል ቦርሳ ነው የሚያዘው። ትኩስ ነገር ግን ፈጽሞ፤ ወጥ ይዛ በክራንች የምትሄድ ሴት ካያችሁ ተቀበሏት።

ጀሶው ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰው ድኛለሁ ብሎ ሲያስብ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ግትር ብሎ ይጠብቀዋል። ባለሙያው መጀመሪያ ያዘዘኝ በእግሬ አውራ ጣት አየር ላይ ፊደል እንድጽፍ ነው። መምህርት በመሆኔ ደስ አለኝ። «ሠ» አብዛኛው ወደ ላይና ወደ ታች ናት፣ ቀላል። «ዐ» ግን ክብ ስለሆነች ቁርጭምጭሚቱን ሙሉ ታዞረዋለች፤ ወደ ውስጥ ስትታጠፍ ግማሽ ላይ ትቆምብኝ ነበር። ብዙ ቀን አልዘጋ ብላኝ ቆይታ አንድ ማለዳ ገጠመች። ሌላው ነጠላ አጥፎ የእግር መዳፍ ላይ አድርጎ፣ ጉልበትን ዘርግቶ ሁለቱን ጫፍ ወደ ራስ መሳብ ነው፤ ባቱን ያፍታታል። እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ግን ሐኪም «አሁን ጀምሪ» ሳይል አይጀመሩም።

መርገጥ ሲፈቀድልኝ ወደ አንድ ክራንች ወረድኩ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይከራከረኝ ነበር፤ «የታመመው በግራ፣ ክራንቹ በቀኝ እንዴት ይሆናል?» ይሉኛል። ነገሩ እንደዚያው ነው። አንድ ክራንች ወይም ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ የታመመው እግርና ክራንቹ አብረው ሲራመዱ ክብደቱን ይካፈላሉ። አባቴ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ናቸው፤ «መቋሚያዬን ውሰጂ፣ ስንት ዘመን አቁሞኛል» አሉኝ። ወሰድኩላቸው። ለማስቀደስ መልካም ነው፤ ደረቴን ደግፎኝ ቆሜበታለሁ። ለመሄድ ግን አይሆንም፤ ጫፉ ጎማ የለውም፣ መዳፍ የሚያርፍበትም መያዣ የለውም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በክራንች፣ ውስጥ በመቋሚያ።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ የሚያስቸግረው ጫማ ማውለቁ ነው። በአንድ እግር ቆሞ ጫማ ማውለቅ ያስወድቃል፤ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ካልሲ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታልና ቁስሉ ከዳነ ባዶ እግር ይሻላል። ረዥሙን ቅዳሴ ሙሉ ልቁም ብዬ ስውተረተር አንድ አባት አዩኝና «ልጄ፣ ደካማ ተቀምጦ ያስቀድሳል» ብለው ቦታ አስለቀቁልኝ።

እብጠቱን በተመለከተ ዝግጁ ሁኑ። ጠዋት የገባ ጫማ ማታ አይገባም። ይህ ለወራት ይቆያል፣ አንዳንዱን ሰው እስከ ዓመት ይዞት ይሄዳል። ኮንጎ ጫማ ስለማይለጠጥ ጠባሳው ላይ ይጫናል፤ እኔ ክሩ እስከ ጣት ድረስ የሚላላ፣ ከቁጥሬ ከፍ ያለ ሸራ ጫማ ነው የገዛሁት። እብጠቱን ያዩ እማማ «ዝሆኔ ያዘሽ እንዴ?» ብለው አለቀሱልኝ። ስጋታቸው ከባዶ አልመጣም። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድን ሰው እግር የሚያሳብጥ በሽታ አለ፤ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። የእኔ ግን ከቀዶ ሕክምና የመጣ ነው፤ እግር ከፍ ሲል ይጎድላል። በድንገት የሚመጣ፣ ባትን የሚያም፣ የሚያግል እብጠት ሲሆን ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ደቂቃም አይጠበቅም።

«ወጌሻ ይሽልሽ» የሚሉም አይጠፉም። በፍቅር ነው የሚሉት። ብረት የገባበትን እግር ግን አታሳሹ፤ ጠበቅ አድርጎ በቀርከሃ መታሰር ደም አቁሞ እግር ያስቆረጠባቸው ሰዎች በአገራችን ጥቂት አይደሉም።

መንገድ ላይ ባጃጅ ከሚኒባስ ይሻላል፤ የኋላው ወንበር ላይ ጎን ብሎ እግር መዘርጋት ይቻላል። ለክትትል ባሕር ዳር ስሄድ ጋቢና ነው የተቀመጥኩት፣ እንጅባራ ላይም ወርጄ እግሬን ከፍ አድርጌ አረፍኩ። አሁን ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ እቀመጣለሁ፣ ተማሪዎቹም ወንበሬን ሳልጠይቅ ያቀርቡታል።

ክራንቹን እንግዛ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ አሉሚኒየሙን ግዙ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ገልብጡና ጎማውን በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየርላችሁ። ቁመቱን የምትይዘዋ ተጫኝ ቁልፍ ከቀዳዳዎቹ በሁለቱም በኩል ጠቅ ብላ መውጣቷን እዩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አዙሩ፣ ዳዶ የጎደለው አትውሰዱ። መያዣው ላይ ያለው ስፖንጅ ቶሎ ስለሚቀደድ ከቤት ስትወጡ የሚጠቀለል አሮጌ ጨርቅ ያዙ። የሚታከመው ሰው አብሯችሁ መምጣት ካልቻለ ቁመቱን ለክታችሁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የክራንች መጠን ለልጅ፣ ለአጭርና ለረዥም ሰው ይለያያል።