ኤስፒኤፍ 50 ሰንስክሪን ለልጄ፦ ከአምስት ቲዩብ በኋላ

ልጄ አልቢኒዝም አለባት፤ ማለትም ለቆዳና ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከልደቷ ጀምሮ ይጎድላታል። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ከመስከረም ወዲህ የምቀባት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አሁን ስድስተኛውን ቲዩብ ጀምረናል።

50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነጭ ቲዩብ ነው። ፊቱ ላይ ኤስፒኤፍ 50 ይላል፤ ቁጥሩ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ምን ያህል እንደሚከላከል ያሳያል። ከጀርባው ዩቪኤ (ቆዳ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው የፀሐይ ጨረር) የሚለው ጽሑፍ በክብ ውስጥ አለ፣ የተሠራውም ጨረር ከሚመክተው ነጭ ማዕድን፣ ከዚንክ ኦክሳይድ ነው። የፋብሪካውን ስም ያልጻፍኩት ፋርማሲዎች በዚህ ወር ያስገቡትን በሚቀጥለው ስለማይደግሙት ነው፤ እነዚህን ሦስቱን የሚያሟላ ሌላ ካገኛችሁ ውሰዱት። 100 ለሚለው ግን ትርፍ ገንዘብ አታውጡ። በደንብ ከተቀባ 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 ከመቶውን፣ 50 የሚለው 98 ከመቶውን ያስቀራል፤ ከዚያ በላይ የምታተርፉት አንድ ከመቶ ቢሆን ነው።

አምና ከሌላ ቦታ የገዛሁት ቲዩብ ስምንት ወር ቆየልኝ፤ በረከት ያለው ዕቃ ነው ብዬ ነበር። የጥምቀት ዕለት ጠዋት ፊቷን ብቻ ቀባ ቀባ አድርጌ ጃን ሜዳ ይዣት ወጣሁ፤ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ቆየን። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አልተሰማንም። ማታ ፀጉሯን ስፈታ ማጅራቷ ቀልቷል፤ በማግስቱ የሁለቱም ጆሮዎቿ ጫፍ ውሃ ቋጠረ። ሦስት ሌሊት በጎኗ መተኛት አቅቷት በሆዷ ተኛች። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብርዱ አያስቀረውም፣ ስስ ደመናም ያሳልፈዋል። ልጄ ደግሞ ይህን የሚመክት ሜላኒን የላትም። አልቢኒዝም ያለባቸው አፍሪካውያን ላይ የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ገና በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ፊትና አንገት አካባቢ ነው የሚወጣው። የጆሮ ጫፍ መቃጠል ለእኔ የዋዛ ነገር አይደለም።

ቁስሏን ያየችው ፋርማሲስት «እህቴ፣ አንዱ ቲዩብ ምን ያህል ይቆይሻል?» አለችኝ። ስምንት ወር ስላት ዝም አለች። ከዚያ በሌባ ጣቷና በመሃል ጣቷ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር ቅባት አወጣች። ለፊትና ለአንገት ይህን ያህል፣ ከቤት ከመውጣቷ 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያም ውጭ እስካለች በየሁለት ሰዓቱ። በዚህ ልክ ስንቀባ ቲዩቡ ሁለት ሳምንት ብቻ ይቆየናል።

አሁን ስለ ቅባቱ። ወፍራም ነው፤ ጠዋት በብርድ ስለሚጠጥር መዳፌ ላይ አሙቄ ነው የምቀባት። ዓይኗን አያቃጥላትም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የቀድሞው ባላበች ቁጥር ያስለቅሳት ነበር። የሹራቧ አንገትጌ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል፣ በሳሙና ሁለቴ ካልታሸ አይለቅም። በ4 ሰዓት ረፍት ላይ በትንሽ መስታወት እያየች ራሷ ትቀባለች። ግራ ጆሮዋን ሁልጊዜ ትረሳለች፤ መምህርቷ ምስጋና ይግባትና «ግራሽስ?» ትላታለች።

ዋጋው ይከብዳል። መጨረሻ የገዛሁት 1,900 ብር ነው፣ በወር ሁለት ማለት ነው። ቅባቱን ማሳነስ ስለማልችል የሚቀባውን ቦታ አሳነስኩ። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ከወፍራም ጥጥ ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ሰፋላት፤ ከፊት ብቻ የሚያጠላው ኮፍያ ጆሮና ማጅራትን አይሸፍንም። እጅጌዋም ዓመቱን ሙሉ ረጅም ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከጥላ እንዳትወጣ አስለምጃታለሁ። አቅማችሁ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ከባርኔጣው ጀምሩ እላለሁ።

እናቴ ሁላችንንም ቅቤ ቀብታ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እያሞቀች ነው ያሳደገችን፤ ይህችን ልጅም እንደዚያው ልታሞቃት ትፈልግ ነበር። አሁን ባርኔጣውን በር ላይ ይዛ የምትጠብቃት እሷ ናት።

ሌላ አንድ ነገር፦ ቲዩቡ አልወጣ ሲል አትጣሉት። በመቀስ ወገቡ ላይ ቁረጡት፤ ግድግዳው ላይ የሁለት ቀን ቅባት ተጣብቆ ይገኛል።